ብቻውን የሚመጣ የለም

ከአባ ሳሙኤል ሐይቅ እስከ ቃሊቲ የዝንብ ማራቢያ፦ ከምንፈልገው ጋር ተደብቆ ስለሚገባው

አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ የታጠበችበት ውሃ መጨረሻው አባ ሳሙኤል ነው። ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ፣ ትንሹ አቃቂ በምዕራብ በኩል ከተማዋን አቋርጠው፣ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የጓዳ እጣቢ፣ የፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ መዓት እየነዱ ከአቃቂ ወረድ ብሎ ካለው ግድብ ይደርሳሉ። ዳር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ውሃው ቶሎ አይታየውም። ዓይኑ የሚያርፈው ከብት ሊሰማራበት የሚችል በሚመስል ለምለም መስክ ላይ ነው። ነፋስ ሲመጣ ግን መስኩ ራሱ ከቦታው ይንቀሳቀሳል። እምቦጭ ነው።

አንዱን ጎትቶ ማውጣት አያስቸግርም፤ መሬት አልያዘም። ቅጠሉ ወፍራምና ወዛም ነው። የቅጠሉ ዘንግ ከታች አበጥ ብሏል፤ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ አየር የቋጠረ ስፖንጅ ነው፤ የሚያንሳፍፈውም ይኸው ነው። ሥሩ ጥቁርና ላባ መሳይ ሆኖ ይንጠለጠላል። ሥሩን ውሃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ ደጋግሞ ማራገፍ ነው፤ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች፣ የነፍሳት እጮች፣ ቀጫጭን ትሎች፣ በዓይን ለመለየት የሚያስቸግሩ የሚወራጩ ነጥቦች ይረግፋሉ። እምቦጭ ከአማዞን ተፋሰስ የመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳው ግን የራሱን ተሳፋሪዎች ይዞ ይጓዛል።

የዚህ ዘገባ ጉዳይ እነዚህ ተሳፋሪዎች ናቸው። ሕይወት ያለውን ነገር ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ውሃ የሚያዛውር ሁሉ፣ ሐይቅ የሚያለማ መንግሥትም ሆነ ሳሎኑ ውስጥ አኳሪየም ያስቀመጠ ሰው፣ ያላዘዘውን አብሮ ይረከባል። ያልታዘዘው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱን ጊዜ ብቻ ይገድለዋል። አንዳንዱ ከገባ ወዲያ በምንም አይወጣም። አንዳንዱ ደግሞ ከምንፈልገው ፍጡር አካል ውስጥ ስለሚኖር ከእርሱ ሊለይ አይችልም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ በር መጠበቅ ድካም ብቻ ነው።

ካርፕና እምቦጭ

አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ተነስቷል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ታሪኩን ነው። ሌላም መጀመሪያነት አለው፤ የውጭ አገር ዓሣ ወደ ኢትዮጵያ ስለገባበት ጊዜ የጻፉ ተመራማሪዎች ካርፕ በወረራው ዘመን ከጣሊያን መጥቶ የተለቀቀው አባ ሳሙኤል ላይ እንደነበር ያነሳሉ። ከቆሮሶና ከአምባዛ ጎን ዛሬ በገበያ የምናየው ካርፕ የመግቢያ በሩ ይህ ግድብ ነበር ማለት ነው።

ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ የሚበላ ዓሣ ነው። ውሃ ያደፈርሳል፤ ግን ይበላል፤ ይሸጣል። ስለዚህ መምጣቱን ክፉ ብቻ የሚል የለም። ከእርሱ ጋር በስንጥቡና በአንጀቱ፣ በተጓዘበትም ውሃ ውስጥ ምን አብሮ እንደመጣ ግን በዚያ ዘመን የሚጠይቅ አልነበረም።

እምቦጭ ደግሞ በመዝገብ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። ካርታውን ያየ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። የአቃቂ ውሃ ከአባ ሳሙኤል ወጥቶ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ወደ ቆቃ ይወርዳል። ውሃ ሽቅብ አይፈስም። ስለዚህ አረሙ በአባ ሳሙኤልም በቆቃም የተገኘው ወይ ከላይ ወደ ታች ወርዶ ነው፣ ወይ ደግሞ የሰው እጅ፣ ጀልባና መረብ፣ ወይም ወፍ ሽቅብ አውጥቶት ነው። ወይን ጠጅ አበባው የሚያምር ስለሆነ በብዙ አገር ወደ ሐይቅ የገባው ከጓሮ የጌጥ ገንዳ አምልጦ ነው። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ከታየ በኋላ አገር በሙሉ ስሙን አወቀው፤ በእጅም በማሽንም ተለቀመ፣ ዘመቻ ተጠራለት። እስከ ዛሬ ግን አልጠፋም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እምቦጭ ማንንም አይፈልግም። ፀሐይና በእዳሪ የሰባ ውሃ ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ ደግሞ የሰባ ውሃ አትነፍገውም። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ላዩን ጠራርጎ የለቀመ ሰው ገና ያልተወለደውን እምቦጭ አልነካውም። እንዲህ ላለው ተሳፋሪ ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከመግባቱ በፊት ያለው።

የዓሣ ጫጩትና የመጣበት ውሃ

ሰበታ ላይ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የዓሣ ምርምር ተቋም አለ። ቆሮሶና ካርፕ እያራባ ጫጩቶቹን ወደ ሐይቆች፣ ግድቦችና የገበሬ ኩሬዎች ሲያከፋፍል ቆይቷል። የዓሣ ጫጩት ጉዞ ያው ነው፤ ወፍራም ፌስታል ሲሶው ውሃ፣ የቀረው ኦክስጅን ተሞልቶ አፉ በላስቲክ ይታሰራል፣ በመኪና ይጫናል። ኩሬው ዳር ሲደርስ ሙቀቱ እንዲመጣጠን ፌስታሉ ውሃው ላይ ተንሳፎ ይቆያል። ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ቀላሉ ነገር ፌስታሉን ከነውሃው መዘርገፍ ነው። ያን ጊዜ አብሮ የሚገባው ምን እንደሆነ ሁለት የዓለም ታሪኮች ይነግሩናል።

በሶቪየት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ከካስፒያን ባሕር ስተርጅን የተባለው ዓሣ ተጭኖ አራል ባሕር ላይ ተለቀቀ። ስተርጅን ካቪያር የሚወጣው ውድ ዓሣ ነው፤ ሐሳቡ ምርት መጨመር ነበር። ከእንግዳው ጋር ስንጥብ ላይ ተጣብቃ ደም የምትመጥ ጠፍጣፋ ትል አብራ ገባች። የካስፒያኑ ዓሣ ከእርሷ ጋር ዘመናት ስለኖረ ይችላታል። የአራሉ ዘመዱ ግን አያውቃትም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1936 በጅምላ አለቀ። ምርት ሊጨመርበት የታሰበው ባሕር የነበረውንም አጣ።

ሁለተኛው ታሪክ የኖርዌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በሳልሞን ጫጩቶች ቆዳ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ትል ተገኘች፤ ምንጯ ከባልቲክ በኩል የመጣ የማራቢያ ዓሣ ነበር። ይህች ትል እንቁላል አትጥልም፤ ልጇን ሙሉ አድርጋ ትወልዳለች፤ ሆዷ ውስጥ ያለችው ልጅም ከመወለዷ በፊት የራሷን ልጅ ቋጥራለች። አንዲት ትል ብቻ ወንዝ ለመውረስ በቂ ናት። 50 ገደማ ወንዞች ተያዙ። ኖርዌያውያን ትሏን ለማጥፋት ያገኙት ዋና መንገድ ወንዙን መርዘው ያለውን ዓሣ በሙሉ ፈጅተው እንደገና መጀመር ሆነ።

ትሏ ግን አንድ ትልቅ ድክመት አለባት፤ ድርቀት አትችልም፣ ያለ ዓሣም ብዙ ቀን አትኖርም። የኖርዌይ አጥማጆች መረባቸውንና ቦቲያቸውን ከወንዝ ወደ ወንዝ ሲሄዱ አድርቀው የሚጓዙት ለዚህ ነው። ገዳይዋ ትል መረቡ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ታልቃለች። ኃይሏም ድክመቷም ያለው በጥገኝነቷ ላይ ነው።

ሕያው ድንጋይ

ይህን ድክመት በየቤታቸው በዘዴ የሚጠቀሙበት የጨው ውሃ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ኢትዮጵያ ባሕር በር የላትም፤ አቃቂ ከባሕር ወለል ወደ 2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የባሕር ውሃ እዚህ የሚሠራው በተጣራ ውሃና በተመጠነ ጨው ነው። ባሕር ግን ጨው ብቻ አይደለም። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወጣው ቆሻሻ በአብዛኛው አሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ባሕር ውስጥ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። እነርሱን ወደ መስታወቱ ለማምጣት ባለ አኳሪየሞቹ ሕያው ድንጋይ ያስገባሉ።

ድንጋዩ የሞተ ኮራል ቅሪት ነው፤ ኖራ መሳይ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ በእጅ ሲያነሱት ከመጠኑ የሚቀል። ሕያው ያሰኘው በቀዳዳዎቹ የሰፈረው ፍጡር ነው። በላዩ ኦክስጅን የሚወዱት ባክቴሪያዎች ይሠራሉ፤ ኦክስጅን በማይደርስበት ውስጡ ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡት። ማጣሪያ ሆኖ የሚያገለግለው ቀዳዳ ግን መደበቂያም ነው። በጡጫ የሚማታው የማንቲስ ሽሪምፕ፣ እሾሃማ ትል፣ ጸጉራም ሸርጣን፣ እየተቆረጠ የሚባዛው አይፕታዚያ የተባለው መርዘኛ አኒሞን፣ ሁሉም በዚያ ይገባሉ።

ከሁሉም የከፋው ግን አይታይም። ክሪፕቶካርዮን ዓሣውን በነጭ ነጠብጣብ የሚሸፍን ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ከዓሣው ቆዳ ሥር ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይመገብና ይወድቃል፤ ድንጋይ ወይም ሌላ ጠንካራ ነገር ላይ ይጣበቃል፣ ሽፋን ያበጃል፣ ውስጡ ይከፋፈላል። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ፣ አልፎ አልፎም እስከ 72 ቀን ቆይቶ፣ ከአንዱ ሽፋን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዋናተኞች ይወጣሉ። እነዚህ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ያልቃሉ። ድንጋዩ ራሱ አይታመምም፤ በላዩ ተኝቶ የሚጠብቀው ሽፋን ግን በሽታውን ወደ አዲስ ቤት ይዞ ይገባል።

የመከላከያው ስሌት ከዚሁ የሕይወት ዑደት ይወጣል። ድንጋዩ ዓሣ በሌለበት ለብቻው 76 ቀን ገደማ ከቆየ፣ የዘገየው ሽፋን ሳይቀር ፈልፍሎ፣ ዓሣ አጥቶ፣ ሞቷል። መድኃኒት አያስፈልግም። እንዲያውም ለዓሣው የሚሰጠው የመዳብ መድኃኒት ከድንጋዩ ጋር መገናኘት የለበትም፤ ድንጋዩ መዳቡን ይመጠውና በኋላ ሽሪምፑንና ኮራሉን ይገድላል። ዓሣው በባዶ መስታወት ይታከማል፤ ድንጋዩ በጊዜ ይጸዳል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሰፊ የፕላስቲክ ገንዳ፣ የተበጠበጠ የጨው ውሃ፣ ማሞቂያ፣ ውሃ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ ይበቃል። ድንጋዩ መጀመሪያ ጨዉ ጠንከር ባለ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ሲነከር ሸርጣኑና ትሉ ከየቀዳዳው ዘለው ይወጣሉ፤ ነጭ ባልዲ ላይ ማድረጉ የወጣውን ለማየት ይረዳል። ቀን የተደበቀው ሌሊት ስለሚወጣ በደብዛዛ ቀይ ባትሪ መቃኘት ነው። አይፕታዚያ ከተገኘ በምላጭ መፋቅ ክልክል ነው፤ የቀረው ቁራጭ ሁሉ አዲስ አይፕታዚያ ይሆናል። ወፍራም የኖራ ሊጥ ላዩ ላይ ይለቀቅበታል። ገንዳው የራሱ መረብና የራሱ ቱቦ ይኑረው፤ በዋናው መስታወት የሚያገለግል ዕቃ በገንዳው ከተነከረ የ76 ቀኑ ድካም ከንቱ ነው። ትዕግሥት ለሌለው ደረቅ ድንጋይ አለ፤ ምንም ተሕዋስ አያመጣም፣ ባክቴሪያዎቹ ግን እስኪሰፍሩበት ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ድንጋይ የታጨቀበት ገንዳ ያለ አየር ማስገቢያ ቶሎ ይገማል። ሁለተኛው ቅዝቃዜው ነው። ይህ በተለይ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ የሚያረቡትን ይመለከታል። የጣፋጭ ውሃው ነጭ ነጠብጣብ በሞቃት ውሃ ዑደቱን በአንድ ሳምንት ሊጨርስ ይችላል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ሞቃት አገር ላይ ተጽፎ «ሁለት ሳምንት ይበቃል» የሚለው ምክር አቃቂ ውስጥ ማሞቂያ በሌለው ባልዲ አይሠራም። አራት ሳምንት ማቆየት ወይም ውሃውን ማሞቅ ይሻላል።

የቃሊቲ ዝንቦች

ሦስተኛው ዓይነት ተሳፋሪ በጊዜም በድርቀትም አይሞትም። እርሱን ለማየት ከአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ መውጣት አያስፈልግም። ቃሊቲ ላይ የቆላ ዝንብ ማራቢያና ማምከኛ ማዕከል አለ፤ በ1999 ዓ.ም. ተመርቋል። ዓላማው ከብትን በገንዲ በሽታ የሚፈጀውን ዝንብ በራሱ ወንዶች ማጥፋት ነው። ወንዶቹ በብዛት ተራብተው በጨረር ይመክናሉ፤ ሲለቀቁ ከዱር ሴቶች ጋር ይገናኛሉ፤ ልጅ ግን አይወለድም። የቆላ ዝንብ ሴት በአንድ ጊዜ አንድ እጭ ብቻ፣ በዘጠኝ በአሥር ቀን ልዩነት ስለምትወልድ ዘሯን መግታት ይቻላል። ዛንዚባር ይህን ዘዴ ተጠቅማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዝንቡ ነፃ መሆኗ ታውጇል። በኢትዮጵያም በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሰፊ ፕሮጀክት ተጀምሯል። ቃሊቲ ለቆላ ዝንብ ቀዝቃዛ ናት፤ ቢያመልጥ እንኳ አይራባም።

ዝንብ ለማራባት መጀመሪያ ከዱር መሰብሰብ ግድ ነው። እንደ ሕያው ድንጋዩ፣ ከዱር የመጣው ዝንብ ብቻውን አልመጣም። በምራቅ ዕጢው ውስጥ ቫይረስ አለ። ዱር ላይ ብዙ ምልክት ሳያሳይ ይኖራል። ዝንቦቹ በአንድ ቤት ሲታጨቁ ግን ምራቅ ዕጢያቸው ያብጣል፤ ይመክናሉ። በኦስትሪያ ሳይበርስዶርፍ፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቤተ ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ከኢትዮጵያ ዝንብ የተጀመረው መንጋ በ2002 አልቋል። ቫይረሱ የቃሊቲንም መንጋ አጥቅቷል።

ለይቶ ማቆያ እዚህ አይረዳም፤ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። 76 ቀንም ሆነ 76 ወር ቢቆዩ ዝንቡ ባለበት ቫይረሱ አለ። መፍትሔው የተገኘው ማዕዱን በቅርብ በማየት ነው። ዝንቦቹ የሚመገቡት በሞቀ ሳህን ላይ የፈሰሰ የከብት ደም ነው፤ ደሙ ላይ ስስ የሲሊኮን ሽፋን ይዘረጋል፣ የዝንቦቹ ሣጥን ከላዩ ይቀመጣል፣ ዝንቦቹም በመረቡ አልፈው ሽፋኑን ይወጋሉ። ሲወጉ ምራቅ ይተፋሉ፤ ከምራቁ ጋር ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ይገባል። በአንዱ ሳህን ላይ ሣጥን በሣጥን ሲተካ፣ የመጀመሪያው ሣጥን የተፋውን የመጨረሻው ይጠጣዋል። ስለዚህ ለተመረጡት ሣጥኖች ሁልጊዜ ያልተነካ ደምና ያልተወጋ ሽፋን ማቅረብ ተጀመረ፤ የሌሎቹ ተራ ከእነርሱ በኋላ ሆነ። ሰዎች ለሄርፒስ የሚወስዱት ቫላሲክሎቪርም ደሙ ላይ እየተጨመረ ተሞክሯል። ቫይረሱ እየመነመነ ሄደ። ተሳፋሪውን ማስወጣት ባይቻልም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ድልድይ መቁረጥ ግን ተቻለ።

ከመለቀቅ በፊት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። መካን ቢሆንም ወንዱ ዝንብ ደም ይጠጣል፤ የገንዲን ተሕዋስ ሊያዛምት ይችላል። በዚህ ዘዴ የሚለቀቁ ወንዶች ከመውጣታቸው በፊት የገንዲ መድኃኒት የተቀላቀለበት ደም እንዲጠጡ የሚደረገው ለዚህ ነው። ወደ ዱር የሚለቀቀውም ተፈትሾ ነው የሚለቀቀው።

ሦስት ጥያቄዎች

ቃሊቲ ጉምሩክ የኮንቴይነር ማኅተም ተሰብሮ ዕቃው አንድ በአንድ የሚታይበት ቦታ ነው። በፌስታል የታሰረ የዓሣ ጫጩት ወይም በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ድንጋይ ግን በዓይን ቢፈተሽ ምንም አይናገርም። የሚናገረው ሲጠየቅ ነው። ተሳፋሪው ያለ ባለቤቱ መኖር ይችላል? ካልቻለ፣ ስንት ቀን ይቆያል? ከባለቤቱ ሊለይ ይችላል?

ያለ ባለቤት የማይኖረው በጊዜ ይገደላል፤ ገንዳና ትዕግሥት ይበቃል። ከባለቤቱ የማይለየው በማዕድ ይያዛል፤ ንጹሕ የሆነው ይቀድማል፣ የተነካው ይከተላል፣ ዕቃ አይዋዋስም። ያለ ማንም የሚኖረው፣ እንደ እምቦጩ ያለው፣ ጭራሽ መግባት የለበትም።

ለዓሣ አርቢ ገበሬ ይህ ወደ አራት ልማድ ይወርዳል። የመጣበትን ውሃ ኩሬ ውስጥ አለመድፋት፣ ጫጩቱን በወንፊት አውጥቶ መልቀቅ። አዲሱን መንጋ ከነባሩ ጋር ከማቀላቀል በፊት በተለየ ገንዳ ሳምንታት ማቆየት። መረብና ቦቲን ከኩሬ ወደ ኩሬ ሲወስዱ ፀሐይ ላይ ማድረቅ። ምንም የውሃ ተክል፣ ቢያምርም፣ ከሌላ ሐይቅ አለማምጣት። አኳሪየም የሰለቸው ሰውም ዓሣውንና ተክሉን ወንዝ መጣል የለበትም፤ አቃቂ ላይ የተጣለ አባ ሳሙኤል ይደርሳል፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ።

አባ ሳሙኤል ውሃው ሲጸዳ እንደገና ዓሣ ይጣልበት የሚል ሐሳብ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ያን ቀን በጀቱ ላይ ከጫጩቱ ዋጋ በፊት መጻፍ ያለበት የማቆያ ገንዳ ነው። ገንዳ ርካሽ ነው፤ ሐይቅን ከዳር እስከ ዳር በእጅ መልቀም ምን እንደሚያስከፍል ጣና ላይ አይተናል።